381 ቀን ያለ አውቶቡስ፦ የሞንትጎመሪን ሰው ማን አሳፈረው?

የአትላንታው ሹፌር · እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ስህተት ካለ እለፉኝ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስለ ሮዛ ፓርክስ ጽፋችሁ ኑ ተብላ «አባዬ፣ ቦታውን ሳላይ አልጽፍም» አለች። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ይዣት ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ሄድኩ። ከአትላንታ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ሮዛ የተያዘችበት ቦታ ላይ አሁን ሙዚየም ቆሟል። ልጄ ወደ አውቶቡሱ ስትሮጥ እኔ አንዲት አሮጌ መኪና ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ያቺ የድሮ ረጅም የቤተሰብ መኪና፣ ኋላዋ እንደ ሻንጣ የሚከፈት።

«አባዬ፣ አውቶቡሱ እኮ እዚያ ነው።»

«አየሁት፣ እየመጣሁ ነው» አልኳት። አልመጣሁም።

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልብስ ሰፊዋ ሮዛ በ1955 አውቶቡስ ላይ ለነጭ ተሳፋሪ ቦታ ልቀቂ ስትባል ደክሟት አልነሳም አለች። ታሰረች። ቄሱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተናገረ። ጥቁሩ ሰው አድማ መትቶ፣ አውቶቡስ ትቶ በእግሩ ሄደ። አለቀ። እኔን ያልገባኝ መሃሉ ነው። ያኔ በአውቶቡስ የሚሄዱት ጥቁሮች 40 ሺህ ገደማ ነበሩ፣ ከተሳፋሪው ከአራቱ ሦስቱ። አድማው 381 ቀን ቆየ። እኔ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ፣ ሳሪስ ስታዲየም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሥር መኪና ከመስመር ሲጠፋ ሰልፉ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የተቆጣ ሰው አንድ ቀን በእግሩ ይሄዳል። ሁለት ቀንም ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያረፈደች የቤት ሠራተኛ ትባረራለች። ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ማን አመላለሰው?

ሳነብ ሰነበትኩ። መጀመሪያ ታክሲዎቹ ናቸው። በከተማው 18 የጥቁሮች የታክሲ ድርጅቶች ነበሩ፣ ባንድ ላይ 210 ገደማ መኪና። በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም ጫኑ። ከተማው ወዲያው አንድ የቆየ ደንብ አወጣባቸው፦ ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል ክልክል ነው። ኪንግ ያኔ ባተን ሩዥ ሉዊዚያና ላለ ቄስ ስልክ ደወለ። እነሱ በ1953 አጠር ያለ የአውቶቡስ አድማ አድርገው ስለነበር እንዴት እንደሠራ ነገሩት። የግል መኪና ነዋ! ወደ 300 መኪና ተሰበሰበ። ሰው የሚጫንባቸው 48 ቦታዎች፣ ከሥራ ሲመለስ የሚሰበሰብባቸው 42 ቦታዎች ተለዩ። መስመሩን ካርታ ላይ ያወጡት ከተማውን በር በር የሚያውቁ የፖስታ አመላላሾች ናቸው አሉ። መሃል ከተማ አንድ የጥቁር ሰው የመኪና ማቆሚያ ነበር፣ እሱ መናኸሪያ ሆነ። እዚያ ስምሪት የሚሰጥ ሰው ቆሞ ነበር። ስምሪት! ተራ አስከባሪ በሉት።

በኋላ ቤተ ክርስቲያናት በየስማቸው እንደዚያች ዓይነት መኪና ገዙ። ጎኗ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ይጻፋል። ሰዉ «የምትሽከረከር ቤተ ክርስቲያን» ይላት ነበር።

የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ አድማውን ንግግር አላቆየውም። ስምሪት ነው ያቆየው። ቤንዚን፣ ጎማ፣ ሰዓት አክባሪ ሹፌር። ምን ትላላችሁ?


ካዛንቺስ · እሑድ ማታ

ርዕሱን ሳየው ሳቅኩ። «ማን አሳፈረው» ያልከው ሆን ብለህ ነው? አውቶቡሱም ሲያሳፍራቸው ነው የኖረው፣ በሁለቱም ትርጉም። ሰሙ መጫን፣ ወርቁ ማዋረድ።


የአትላንታው ሹፌር · እሑድ ማታ

ሆን ብዬ አይደለም፣ ግን ካልክ አይቀር የኔ ነው ልበል 😄 እውነቱን ነው ያልከው ደግሞ። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ይከፍላል። ከፍሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በር ዞሮ ይገባል። አንዳንዱ ሹፌር ሰውዬው ሲዞር ጥሎት ይሄዳል፣ ሳንቲሙን በልቶ። እኔ ወያላ እንኳ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም።

ሮዛን ያሳሰራት ሹፌር ጄምስ ብሌክ ነው። በ1943 በፊት በር ገባሽ ብሎ ከአውቶቡስ አስወርዷታል። ያው ሰውዬ! ከዚያ ወዲህ እሱ ያለበትን አውቶቡስ ላለመሳፈር ትጠነቀቅ ነበር። የዚያን ዕለት ማን እንደሚነዳ ሳታይ ገባች።


ጉድ ፈላ · እሑድ እኩለ ሌሊት

ወንድሜ፣ ለሙያህ አደላህ። ሐኪም ቢሆን «ቫይታሚን ነው ያቆያቸው» ይል ነበር። ያሸነፈው ስምሪቱ አይደለም፣ እግሩም አይደለም፣ ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1956 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ጥቁርና ነጭን መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚለውን ውሳኔ አጸና። በቃ። አድማው ባይኖርም ውሳኔው ይመጣ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ጫማ የጨረሱት በከንቱ ነው ብል ትሰድቡኛላችሁ፣ ስለዚህ አልልም።


ካዛንቺስ · እሑድ እኩለ ሌሊት

አልክ እኮ።


የጓዳ ታሪክ · ሰኞ ጠዋት

ቡናዬን ይዤ ነው የገባሁት፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ሹፌሩ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ግሩም ነው። ግን ከመኪናው በፊት ወረቀቱ አለ። ሮዛ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ማታ ነው የታሰረችው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡሶቹ ባዶ ነበሩ። ያለ ስልክ ግሩፕ፣ ያለ ምን፣ በሦስት ቀን! ይህን የሠራችው ጆ አን ሮቢንሰን ናት። የአላባማ ስቴት ኮሌጅ መምህርት፣ የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባለው ማኅበር መሪ። በ1949 አንድ ሹፌር ፊት ለፊት ተቀመጥሽ ብሎ ጮኾባት እያለቀሰች ወርዳለች። በግንቦት 1954 ለከንቲባው ደብዳቤ ጻፈች፣ ነገሩ ካልተሻሻለ ሰዉ አውቶቡስ ሊተው ነው ብላ አስጠነቀቀች። ሮዛ ታሰረች ሲባል ሌሊቱን ኮሌጅ ገብታ ከአንድ ባልደረባና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወረቀት ስታባዛ አደረች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር። በማግስቱ በየትምህርት ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየሱቁ ተበተነ።

ደግሞ አስቂኙ ነገር። አንዱ ወረቀት ጋዜጣ እጅ ገባ። የከተማው ጋዜጣ እሑድ በፊት ገጹ አወጣው። ያልሰማ ጥቁር ቢኖር በነጮቹ ጋዜጣ ሰማ! ፖሊሱም አገዛቸው። «አስፈራሪዎች ሰዉን ይከለክላሉ» ብሎ ሰኞ ዕለት ሞተር ብስክሌት ከአውቶቡሶቹ ኋላ አሰለፈ። ልሳፈር ወይስ አልሳፈር እያለ የሚያመነታው ሰው ፖሊሱን ሲያይ ሸሸ።

«ደክሟት» የምትሉትን ግን ተዉት። 42 ዓመቷ ነበር፣ አሮጊት አይደለችም። በጥቁሮች መብት ማኅበር ቅርንጫፍ ለዓመታት ጸሐፊ ነበረች፣ በዚያው ክረምት ቴኔሲ ውስጥ ሃይላንደር በሚባል ማሠልጠኛ ተሳትፋለች። በኋላ በሕይወት ታሪኳ ራሷ ተናግራዋለች፦ የደከማት እሺ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከሮዛ ዘጠኝ ወር በፊት፣ መጋቢት 2 ቀን 1955፣ ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ በዚያችው ከተማ አልነሳም ብላ እየጎተቱ አስረዋታል። ማኅበሩ አልተነሳላትም። ልጅ ናት፣ ግልፍተኛ ናት፣ ቤተሰቧ ድሃ ነው። በኋላ ደግሞ ሳታገባ አረገዘች ተባለ። ይህን ስሰማ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ነው የታየኝ። «ለስማችን ይሆናል ወይ?» እያሉ የሚነጋገሩ ትልልቅ ሰዎች።


ሕግ ነክ · ሰኞ ከሰዓት

ጉድ ፈላ ግማሹን ትክክል ነህ። ግን «አድማው ባይኖርም» ያልከው ላይ ቆም በል።

የሮዛ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልደረሰም። እሷ በከተማው ፍርድ ቤት 10 ዶላር ተቀጥታ 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ከፈለች። ይግባኙ በአላባማ ፍርድ ቤቶች ውስጥ ይንከላወስ ነበር። ጠበቃዋ ፍሬድ ግሬይ ገና የ25 ዓመት ልጅ ነው። ያ መንገድ የትም እንደማያደርስ ገባውና የካቲት 1 ቀን 1956 አዲስ ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከፈተ። የሮዛን ስም ሆን ብሎ ተወው። የከሰሱት ሌሎች ሴቶች ናቸው፦ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ክሎዴት ኮልቪን። አዎ፣ ያቺው የተተወችው ልጅ! ቆማ መሰከረች። አምስተኛ ከሳሽም ነበረች፣ ማስፈራሪያው ሲበዛባት ወጣች። ሰኔ ላይ ከሦስት ዳኞች ሁለቱ ፈረዱላቸው። ኅዳር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። መዝገቡ ብራውደር በጌይል ላይ ይባላል፣ ጌይል ከንቲባው ነው።

እስቲ ልብ በል። ክሱ የተከፈተው አድማው በተጀመረ በሁለት ወሩ ነው። የኪንግ ቤት ቦምብ ከተወረወረበት ከሁለት ቀን በኋላ። አድማው ከሳሾቹን አንድ ላይ አመጣ፣ ገንዘብ አመጣ፣ ድፍረት አመጣ። ብቻቸውን ቢሆኑ የሚከስስ አይገኝም ነበር እላለሁ።

አንድ የማይወራ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የጠየቁት መለያየቱ ይቅር አይደለም! ሹፌሮች በትህትና ያናግሩን፣ ጥቁር ከኋላ ነጭ ከፊት እየሞላ የተቀመጠ አይነሳ፣ ጥቁር በሚበዛበት መስመር ጥቁር ሹፌር ይቀጠር። ይኸው ነው። ከተማው ይህንን እንኳ እምቢ አለ። እምቢ ባይል ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምናወራው።


ጉድ ፈላ · ሰኞ ማታ

እሺ፣ ግማሽ ጎል ተቆጠረብኝ። ግን ኩባንያው ከሰረና ተንበረከከ የሚባለውስ? እሱም ተረት ነው በለኝ።


ሕግ ነክ · ሰኞ ማታ

እሱ እንኳ ተረት አይደለም። ኩባንያው በጥር ታሪፉን ከ10 ወደ 15 ሳንቲም አሳደገ፣ መስመርም ቆረጠ። ሚያዝያ ላይ «ከእንግዲህ ተሳፋሪ በዘር አንለይም» ብሎ አስታወቀ። ባለቤትነቱ ቺካጎ ነው፣ የሚያየው ካዝናውን ነው። ያላስቻለው ከተማው ነው። ሹፌሮቹን እናስራለን አለ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ አወጣ። ነጋዴው ሲበቃው ባለሥልጣኑ አልበቃውም።


ጋሽ ጡረተኛ · ማክሰኞ ጠዋት

ልጆች፣ ደስ የሚል ጨዋታ ይዛችኋል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ቆጠርኩት። ሮዛ የታሰረችበት ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ይሆናል። ኅዳር ጽዮን! እኔ ያኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ፣ ያን ዕለት ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ማስቀደሳችን አይቀርም። አዲስ አበባ የጃንሆይ የዘውድ ሃያ አምስተኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ገና ማለፉ ነበር። መብራቱ፣ ሰልፉ፣ የእንግዳው ብዛት ትዝ ይለኛል። እዚያ ማዶ አንዲት ሴት ተነሽ ስትባል አልነሳም ብላለች። ማን ነግሮን?

ነገሩ ግን እንግዳ አልነበረም ለአባቶቻችን። ጣልያን ከተማውን የነጭና የአገሬው ብሎ ሲከፍል ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ አዲስ ከተማ ወሰደው፣ መርካቶ የተባለው በዚያ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ መርካቶን በስሙ አይጠራም ነበር። «አዲሱ ገበያ» ይለዋል፣ እስኪሞት።


የአትላንታው ሹፌር · ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ኅዳር ጽዮን መሆኑን ለልጄ ነገርኳት። ጽሑፏ ላይ ልታስገባው ነው፣ መምህሯ ምን እንደሚሉ እንጃ።


ብሪስቶል ያለሁት · ማክሰኞ ከሰዓት

ከእንግሊዝ ነኝ። ክሩን እንዳላጣምም በአጭሩ። የኔ ከተማም የአውቶቡስ አድማ ነበራት፣ በ1963። እዚህ ጥቁር መሳፈር ይችል ነበር። መንዳትና ትኬት መቁረጥ ነው የተከለከለው። ጋይ ቤይሊ ለሚባል ወጣት የሥራ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ተያዘለት፣ የካሪቢያን ሰው መሆኑ ሲታወቅ ቀጠሮው ተሰረዘ። ፖል ስቲቨንሰን የሚባል ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ጥቁር ሰው ሞንትጎመሪን ምሳሌ አድርጎ አድማ ጠራ። አራት ወር ቆየ። ከኩባንያው ጋር አብሮ የቆመው ደግሞ የሠራተኞቹ ማኅበር ነው፣ ሥራችን ይሻማብናል ብሎ። ኩባንያው ክልከላውን ያነሳው ነሐሴ 28 ቀን 1963 ነው። ኪንግ ዋሽንግተን ላይ ያን ትልቅ ንግግር ያደረገበት ዕለት! እኔም ይኸው እዚሁ ከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። የመጀመሪያ ቀን ዩኒፎርሙን ስለብስ ይህን አላውቅም ነበር።


የአትላንታው ሹፌር · ማክሰኞ ከሰዓት

የሙያ ባልደረባ ተገኘ! እንኳን መጣህ።


ዝምታ ወርቅ ነው · ማክሰኞ ማታ

አንድ ነገር ልጠይቅ። «ሰላማዊ ትግል» ሲባል ሰዎቹ ከሰማይ የወረዱ ቅዱሳን ይመስሉኛል። ቤቴ ላይ ቦምብ ቢወረወር እኔ ሰላማዊ አልሆንም። እንዴት ቻሉት?


የጓዳ ታሪክ · ማክሰኞ ማታ

መልሱ፦ ተማሩት። ኪንግም ራሱ።

ጥር 30 ቀን 1956 ቤቱ በረንዳ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ሚስቱ ኮሬታና ገና ሦስት ወር ያልሞላት ልጃቸው ውስጥ ነበሩ። አልተጎዱም። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ብዙው መሣሪያ ይዞ ነው። ኪንግ ከስብሰባ መጥቶ ያ የፈረሰ በረንዳ ላይ ቆሞ «መሣሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ብሎ ለመነ። ሂዱ ያለው ሰው ግን 27 ዓመቱ ነው፣ ቤቱ ሽጉጥ አለ፣ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። ባያርድ ረስቲን የሚባለው የጋንዲን ስልት የሚያውቅ ሰው ከሰሜን ሲመጣ ሽጉጡን ሶፋ ላይ አየው ይባላል። ረስቲንና ሌሎች ናቸው ነገሩን ቀስ በቀስ ያስገቡት።

አሁን የምወደውን ልንገርህ። ውሳኔው መጥቶ ወደ አውቶቡስ ሊመለሱ ሲሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልምምድ አደረጉ። ወንበር እንደ አውቶቡስ ይደረደራል። ከፊት ሹፌር ይቀመጣል። አንዱ ነጭ ተሳፋሪ ይሆናል፣ ሌላው ጥቁር። ነጩ የሆነው ይሳደባል፣ ይገፋል። ጥቁሩ የሆነው ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። አንዳንዴ ተሳዳቢው ሚናው ውስጥ ይገባና ነገሩ እውነት ሊሆን ይደርሳል፣ ያቆሟቸዋል፣ ያወራሉ፣ እንደገና። የታተመ መመሪያም ተበትኗል። ከሰው ጎን ስትቀመጡ ይቅርታ በሉ ይላል። ሌላ ቦታ እያለ ሆን ብላችሁ ነጭ አጠገብ አትቀመጡ። አትኩራሩ፣ አትፎክሩ። ቢሰድቧችሁ አትሳደቡ፣ ቢገፏችሁ አትግፉ፣ ቢመቷችሁ አትምቱ።

አንድ ዓመት በእግራቸው ሄደው፣ አሸንፈው፣ «አትፎክሩ» ተባሉ። እኛ ኳስ ስናሸንፍ ሰፈር አይተኛም 🙈


ጉድ ፈላ · ማክሰኞ እኩለ ሌሊት

እሺ ይህቺ አሸነፈችኝ።


የአትላንታው ሹፌር · ረቡዕ ማታ

ወደ መኪናዬ ልመለስ፣ ምክንያቱም የራሴን ሐሳብ የሚያፈርስ ነገር አገኘሁ። ደብቄው ባልፍ ልጄ ትታዘበኛለች።

መጀመሪያ የሹፌሮቹ መከራ። ፖሊስ በየጥጋቱ ይጠብቃቸዋል። ቀስ ብለህ ነዳህ፣ ፈጥነህ ነዳህ፣ መብራት ጣስክ፣ ትርፍ ጫንክ። ኪንግ ራሱ ጥር 26 ቀን ሰው ጭኖ ሲሄድ ተይዞ ታስሯል። ወንጀሉ ምን ይመስላችኋል? በሰዓት 25 ማይል በሚባልበት 30 ነዳህ። እስር ቤት! እኔ አዲስ አበባ የትራፊክ ቅጣት ደብተሬ ሞልቶ ያውቃል፣ ለአምስት ማይል ግን አልታሰርኩም።

ቀጥሎ ኢንሹራንሱ። ቤተ ክርስቲያኖቹ የገዟቸውን መኪኖች ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ እየደጋገሙ ሰረዙባቸው። ያለ ኢንሹራንስ መኪና ማውጣት እንደማይቻል ሹፌር ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ አትላንታ ያለ አንድ ጥቁር የኢንሹራንስ ሰው ሎይድስ በሚባለው የለንደን የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ኢንሹራንስ አስገባላቸው። ሎይድስ ለመርከብ ብቻ ኢንሹራንስ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር።

ወጪው በወር 5,000 ዶላር ይደርስ ነበር።

አሁን ሐሳቤን የሚያፈርሰው። ከተማው ያንን የመኪና አገልግሎት ያለ ፈቃድ የሚሠራ ትራንስፖርት ነው ብሎ ከሰሰ። ያለ ታፔላ ጫናችሁ እንደማለት ነው። ኅዳር 13 ፍርድ ቤት ቁጭ ብለው እየተከራከሩ ሳለ የዋሽንግተኑ ውሳኔ ወሬ ደረሰ። ያው ዕለት! ችሎቱን የያዘው ዳኛ ግን የመኪናውን አገልግሎት አገደ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ በወረቀት ሞንትጎመሪ እስኪደርስ ታኅሣሥ 20 ሆነ። አምስት ሳምንት። አውቶቡስ ገና የተለያየ ነው፣ መኪናው ታግዷል። ስምሪት የለም፣ መናኸሪያ የለም።

ያን አምስት ሳምንት በእግራቸው ሄዱ። ወይም ጎረቤት ጎረቤቱን እየጫነ። አንድም ሰው ወደ አውቶቡሱ አልተመለሰም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ስምሪቱ ነው ያልኩት... አላውቅም። አሥራ አንድ ወር ስምሪቱ ነው። የመጨረሻዋ ወር ሌላ ነገር ናት።


ካዛንቺስ · ረቡዕ ማታ

አሥራ አንድ ወር አብሮ የተሳፈረ ሰው ይተዋወቃላ። መጨረሻ ላይ ያለ ተራ አስከባሪ ተራ የጠበቁት ለዚያ ነው።


ዝምታ ወርቅ ነው · ረቡዕ ማታ

5,000 ዶላር በወር ከየት?


የጓዳ ታሪክ · ረቡዕ ማታ

ከብዙ ቦታ፣ ከሰሜንም ይላክ ነበር። ግን ጆርጂያ ጊልሞርን ልንገራችሁ ብዬ ይኸው ሦስት ቀን ሆነኝ። ምግብ አብሳይ ናት፣ አዋላጅም ነበረች፣ የልጆች እናት። ሴቶች ሰብስባ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሳንድዊች፣ ኬክ ይሠራሉ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየስብሰባው ይሸጣሉ። ብዙዎቹ በነጭ ቤት የሚሠሩ ስለሆኑ ስማቸው ቢወጣ እንጀራቸው ይቆረጣል። ስለዚህ ገንዘቡ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሲቀርብ «ከማን ነው?» ሲባል «ከየትም» ይባላል። የማኅበሩ ስም እንደዚያ ቀረ፣ «ከየትም ያልመጣ ማኅበር»። እሷ ግን ኪንግ አድማ መራህ ተብሎ በተከሰሰበት ችሎት ላይ በስሟ መሰከረች፣ ሹፌሩ ገንዘቤን ተቀብሎ ጥሎኝ ሄደ ብላ። ከምግብ ቤት ሥራዋ ተባረረች። ከዚያ ኪንግ ቤትሽ አብስይ አላት፣ ቤቷ ምግብ ቤት ሆነ። ብዙው ምክክር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የተደረገው።

የነጮቹ እመቤቶች ነገርም አለ። ከንቲባው ሠራተኞቻችሁን በመኪና አታመላልሱ ብሎ ተቆጣቸው። ታዲያ ከንቲባው መጥቶ ልብሱን ይጠብልኝ፣ ልጁን ይያዝልኝ ያሉ ነበሩ ይባላል። እነሱ ስለ መብት አይደለም ግድ ያላቸው፣ ቤታቸው እንዲጸዳ ነው። ሳያውቁት ስምሪት ውስጥ ገቡልህ፣ ሹፌሩ ወንድሜ።


ጉድ ፈላ · ሐሙስ ጠዋት

ከዚያስ? ታኅሣሥ 21 ተሳፈሩ፣ ደስ አላቸው፣ አበቃ?


ሕግ ነክ · ሐሙስ ጠዋት

አላበቃም። ኪንግ ያን ዕለት ጠዋት ፊት ወንበር ተቀመጠ። በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ይተኮስ ጀመር። አንዲት እርጉዝ ሴት እግሮቿን ተመታች። ከተማው ማታ ማታ አውቶቡስ አቆመ። ጥር 1957 በአንድ ሌሊት አራት ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የቀሳውስት ቤት በቦምብ ተመቱ። ሮዛ በአድማው ጊዜ የልብስ ማስተካከል ሥራዋን አጥታ ነበር፣ ባሏም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ወደ ዲትሮይት ሄደች። የተሳፈረችበት አውቶቡስም፣ ቁጥር 2857፣ አሁን ዲትሮይት አጠገብ ዲርቦርን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ሞንትጎመሪ ያየኸው ተመሳሳዩን ነው፣ ሹፌር።


የአትላንታው ሹፌር · ሐሙስ ከሰዓት

እንዴ! ልጄ ፎቶ የተነሳችው ከቅጂው ጋር ነዋ። አልነግራትም።


የጓዳ ታሪክ · ሐሙስ ከሰዓት

ክሎዴትን ደግሞ አትርሱ። ኒው ዮርክ ሄዳ ለዓመታት የበሽተኛ ረዳት ሆና ሠራች። የልጅነት የወንጀል መዝገቧ የተሰረዘው በ2021 ነው። 82 ዓመቷ ነበር። እስከዚያ በወረቀት ወንጀለኛ ናት።


ብሪስቶል ያለሁት · ሐሙስ ማታ

ሹፌር፣ የልጅህ ጽሑፍ ምን ሆነ?


የአትላንታው ሹፌር · ዓርብ ማታ

አስረከበች። ስለ ሮዛ ጻፊ ተብላ ግማሹን ስለ መኪና ጻፈችው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ካርታም ሥላለች። ነጥቦቹን በቀይ፣ መሃል ያለውን መናኸሪያ በአረንጓዴ። መናኸሪያው ላይ አንድ ትንሽ ሰው ቆሟል፣ እጁ ላይ ወረቀት አለ።

«ይሄ ማነው?» አልኳት።

«ተራ አስከባሪ ነው፣ አንተ እንዳልከው» አለች። በአማርኛ ጻፈችው፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሃል። ተ-ራ አ-ስ-ከ-ባ-ሪ። ፊደሏ ትንሽ ይጣመማል።

መምህሯ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች። ሰኞ ሄጄ ላስረዳ ነው።